አራት ጣት ከፍ ለማለት እስከ ወገራ ደጋ

ከተመለስሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። መኪናዋ ታጥባለች፣ የእኔም ወገብ ተሽሎታል፤ ስለዚህ አሁን እውነቱን መጻፍ እችላለሁ። የምጽፈው የጎንደርን ደጋ አይታችሁ ለማታውቁ፣ የማየትም አሳብ ለሌላችሁ፣ በተለይ ደግሞ እንደ እኔ ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ ዓለም ሁሉ ሜዳ ለሚመስላችሁ ነው። የቤዛዊትን ኮረብታ ካልቆጠርን፣ በእኛ ከተማ ጎማ የሚፈትን ከፍታ ቢኖር አስፋልቱ ላይ የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ነው።

የሄድሁበት ጉዳይ የአማቴ ዓይን ነበር። የሚስቴ የትግስት አባት፣ አያ ጓዴ፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ሰው የሚለዩት በድምፅ ከሆነ ቆይቷል። ጎንደር ከተማ ሐሙስ ጠዋት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ችግሩ ከሚኖሩበት ከወገራ ደጋ ወርዶ እዚያ መድረሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተጎዳ ግራ እግራቸው አይታጠፍም፣ አውቶቡስ ላይ መውጣት አይችሉም። በቃሬዛ ተሸክመን እናውርድዎት ሲባሉ «ሰው በሸክም የሚሄደው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን አላስቀድመውም» ብለው ዘጉት። ቀጠሮውን የተቀበሉትም ትግስት ሴት ልጅ ስለወለደች፣ የልጅ ልጃቸውን ፊት ለማየት ብለው ብቻ ነው። ይህ ሐሙስ ካለፈ ሁለተኛ እሺ እንደማይሉ ሁላችንም እናውቃለን። ትግስት አራስ ቤት ናት፤ አምጪው እኔ ሆንሁ።

ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ጀርባ አንድ ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ጭኛለሁ። ውስጡ ያለው ሊፍት ኪት የሚሉት ዕቃ ነው፤ ከተለመደው ረዘም ያሉ ሞላዎችና አሞርዛተሮች ሲሆኑ፣ ሲገጠሙ መኪናን አራት ጣት ያህል ከመሬት ከፍ ያደርጋሉ። ትግስት «ምንድነው?» ስትለኝ «መለዋወጫ ነው» አልኋት። ውሸት አልነበረም፤ አጠር ያለ እውነት ነበር።

ሰበብ ግን ነበረኝ። የትግስት ወንድም ውበቱ በስልክ «መንገዱ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ አለ» ብሎኛል። በማን ጉልበት ብዬ አልጠየቅሁትም፤ በእሱና በእኔ ጉልበት መካከል አንድ ስንዝር ልዩነት አለ። እኔ ያንን ድንጋይ ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ጎረቤቴ መኪናውን ከፍ ካስደረገ ጀምሮ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ቁልቁል እያየ ሰላም ሲለኝ ቆይቷልና።

ሰኞ

ጠዋት ወጣሁ። እስከ ወረታ ድረስ መንገዱ እንደ ቤቴ ሜዳ ስለሆነ የምጽፈው የለኝም። ማክሰኝት ስደርስ የገበያ ቀን ኖሮ በሬዎቹ አስፋልቱን ይዘውታል። ቆሜ ስጠብቅ አንድ የከብት ነጋዴ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ኮፈኗን እንደ በሬ ሽንጥ በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ተመለከተ።

«ባለቤቱ የታሉ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ የተቀመጥሁበትን አየ። ትራስ ላይ ነው የምቀመጠው፤ መንገዱን ለማየት። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ።

«ሸጋ ናት» አለ በመጨረሻ። «ሆዷ ግን ወደ መሬት ቀርቧል። እርጉዝ ናት?»

ምሳዬን እዚያው በላሁ። እኛ ዘንድ ለእንግዳ ዓሣ ይጠበስለታል፤ ማክሰኝት ላይ ዓሣ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጇ የታመምሁ መስሏት ሾርባ አመጣችልኝ። ሾርባው ጥሩ ነበር፣ ጥብሱን አስከትላ የሾርባውን ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ጎንደር ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ባሕር ዳር መኪና የሚቆመው ጥላ ተፈልጎ ነው፤ ጎንደር ግን ድንጋይ ተፈልጎ ነው። ከፒያሳ በታች ያገኘሁት ማደሪያ ቁልቁለት ላይ ነበር። መኪናዋን አቁሜ ስወርድ ባለቤቷ፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ በሁለት እጃቸው ድንጋይ ታቅፈው ብቅ አሉና ከጎማው ሥር ሸጎጡት። «ምነው ልጄ፣ ያለ ድንጋይ ነው አገር ለአገር የምትዞር?» አሉኝ። ክፍሌ ውስጥ ስገባም አልጋው አንድ እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረው። የፋሲልን ግንብ እንዴት አየኸው ለምትሉኝ፣ በአጥሩ በኩል አልፌያለሁ።

ማክሰኞ

ጋሽ ሙላው ጋራዥ በጠዋት ደረስሁ። ጋሽ ሙላው በዚህ ሥራ ያረጁ መካኒክ ናቸው፤ ለደጋ የሚወጣ መኪና ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል ተብያለሁ። ሳጥኑን ከፍተው አዩ፣ ሞላውን ወደ ብርሃን አነሡ፣ ምስጋና ስጠብቅ ሳጥኑን መልሰው ዘጉት።

«ማንን ልትጭንባት ነው?» አሉ።

ነገርኋቸው። ስለ አያ ጓዴ ዓይን፣ ስለ ዳሌያቸው፣ ስለማይታጠፈው እግራቸው፣ ስለ ሐሙሱ ቀጠሮ። ሰምተው ሲጨርሱ ክሪክ አስመጡ። ከመኪናዋ አካል ሥር አስገብተው ቀስ እያሉ አነሡት፤ ጎማዎቹ መሬቱን ሳይለቁ አካሏ ብቻ አራት ጣት ከፍ አለ።

«ይኸው፤ ሳጥንህ የሚሰጥህ ይህንን ነው» አሉኝ። መኪናዋ አማረችብኝ፤ ሌላ መኪና ሆነች። ልቤ ሞቅ እንዳለው ጋሽ ሙላው መጥረጊያ አንሥተው እጀታውን ከግራ እግሬ ጋር ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በገመድ ጠፍረው አሰሩት።

«አሁን አንተ ሽማግሌው ነህ። ውጣ።»

ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። መጀመሪያ የደረቀው እግሬ በሩን መታው። ቀጥሎ በቀኝ እግሬ ዘልዬ ወደ ኋላ ተመለስሁ። በሦስተኛው ግማሽ አካሌ ገባ፣ ፊቴ ካምቢዮው ላይ ተደፋ፣ እግሮቼ ከነመጥረጊያው ውጭ ቀሩ። የጋራዡ ሠራተኞች ጨዋዎች ናቸው፤ ሳቃቸውን ላለማሳየት ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪና ሥር ገቡ።

ጋሽ ሙላው ገመዱን እየፈቱ «ለድንጋዩ ይጠቅምሃል፤ ለሳቸው ግን ግድግዳ ነው» አሉ። «ደግሞ ልግጠም ብል ነገ ማታ ነው የማስረክብህ። ሂድና አምጣቸው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ድንጋዩ ሆዷን ቢቀድድስ?»

«ያኔም እንነጋገራለን። ስልክ ይዘህ የለ?»

ሳጥኑን እንደ ጫንሁ፣ ፍርሃቴንም ጨምሬበት ወጣሁ። የዘይት ቋቷ ደጋ ላይ ቢቀደድ ሐሙስ አለፈ ማለት ነው፤ ሐሙስ ካለፈ አያ ጓዴ ልጅቱን ሳያዩ ሊቀሩ ነው፤ ለትግስት ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። ከዚያም በታች፣ ከፍርሃቱ ሥር፣ ከፍ ያለችው መኪናዬ ትዝ እያለችኝ አዝን ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዜ አሳፍሮኛል።

ወለቃ ላይ ለውበቱ ሚስት ከነክዳኑ አንድ የሸክላ ድስት ገዛሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ብርዱ ያለኝን ልብስ ሁሉ አስለበሰኝ። እኛ ጋቢ የምንለብሰው ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚህ ሰው ለፀሐይም ይለብሰዋል። ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ወደ መንደሩ መገንጠያው ላይ ውበቱ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሲገባ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ደረሰ።

«ስለ መንገዱ አታስብ» አለኝ ፊቱ እየበራ። «አማቻችን በማኪና ሊመጣ ነው ብለን አገሩ ሁሉ ደቦ ወጥቶ ሁለት ቀን ሠርተነዋል። ድንጋዩን ፈንቅለን፣ ጠጠር ደልድለን፣ ታየዋለህ።»

እውነትም መጀመሪያው ላይ ደህና ነበር። ወደ መንደሩ መግቢያ ስንቃረብ ግን የሠሩትን አየሁት፤ እጅግ ያማረ ሥራ ነበር። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተመርጦ፣ ጎን ለጎን ተገጥሞ፣ ጠጠር ተሞልቶበት፣ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሚሄደው ግን በመንገዱ መሐል ለመሐል ነው፤ ግራና ቀኙ፣ ጎማ የሚረግጥበት፣ እንደ ቦይ ጎድጉዶ እንደነበረ ቀርቷል።

ለማቆም ቦታ አልነበረም። ጎማዎቼ ቦዩ ውስጥ ገቡ፤ ሆዷ ምንጣፉን ፋቀው፤ ከኋላ ድስቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ከዚያ መኪናዋ ዕንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ሊቀበለኝ የወጣው ሰው ሁሉ ከበበን። ወርጄ ሥሯን አየሁ፤ ዘይት አይፈስም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እነዚህን ሰዎች፣ ለእኔ ብለው ሁለት ቀን ድንጋይ የተሸከሙትን፣ የሠራችሁት በተሳሳተ ቦታ ነው እንዴት ልበላቸው? «መንገዱ በጣም ሸጋ ነው» አልሁ። «መኪናዋ ናት ያልገባት።»

አያ ጓዴ ከደጃቸው አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ መፋቁን ሰምተዋል።

«ምን ሆነች?» ብለው ተጣሩ።

«ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች አባባ» አለ ውበቱ።

«ድንጋዩ የት ላይ ነው?»

«መሐሉ ላይ።»

«ምነው መሐሉ ላይ?»

«በቅሎ በመሐል አይደል የምትሄደው?»

«እሷስ በየት በየት ትሄዳለች?»

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎማዎቹን፣ ቀጥሎ ቦዩን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ ተያየ። አያ ጓዴ ከአጥሩ ሥር ሳቃቸውን ለቀቁት። ሳያዩ ሁሉንም አይተውታል። ከዚያ አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም በእፎይታ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። መኪናዋን በክሪክ አነሣናት፣ ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም ድንጋዩን ከመሐል እያነሣ ወደ ግራና ቀኝ ደለደለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎማዎቼ ምንጣፍ ላይ ሄዱ። ለካ መንገዱን አራት ጣት ከፍ ማድረግም ይቻል ኖሯል።

ማታ በግ ታርዶ ጠበቀኝ። የውበቱ ሚስት ከስብራቱ የተረፈውን የድስቱን ክዳን በሁለት እጇ ተቀብላ «ድስቱን ደግሞ ልጅቱን ስታመጡ ታመጡታላችሁ» አለችኝ። መኝታዬ መደብ ላይ ሆኖ አጎዛ፣ በአጎዛው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ተጨመረልኝ። ባሕር ዳር በአንሶላ የማድረው ሰው ነኝ።

አያ ጓዴ ስለ ሳጥኑ ከውበቱ ሰምተው ኖሯል። «ሳጥን ውስጥ ምን ይዘህ ትዞራለህ?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ነው አልሁ።

«ምነው፣ አጠረችህ?»

«ለመንገዱ ብዬ ነው አያ ጓዴ።»

«መንገዱማ ተሠራ» አሉና ወደ እሳቱ ዞሩ። ያላለቀ ነገር እንዳለ ግን ታውቆኛል።

ረቡዕ

ጠዋት መኪናዋን ደጃፋቸው አስጠጋሁ። አያ ጓዴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሠርግ የሚሄዱ መስለው ወጡ። በበሩ አጠገብ ቆመው ወለሏን በበትራቸው ለኩት። መኪናዋ ከፍ ሳትል፣ እንደ ተፈጠረች ሆና፣ ያም ለሳቸው በዛ።

ውበቱ ሊያቅፋቸው እጁን ሲዘረጋ በበትሩ መለሱት። «አልሸከምም ብያለሁ። በቅሎ ስወጣ ከድንጋይ ላይ ነበር የምወጣው። መወጣጫ አምጡ።»

የበቅሎ መወጣጫ ድንጋያቸው ከመሬት ጋር የተቀበረ ነበር፤ መኪናዋን ወደ እሱ እንዳላስጠጋ አጥሩ ይከለክላል። ሰዉ ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኔ ሳጥኑ ላይ አረፈ። ጎትቼ አወረድሁት፤ በውስጡ ብረት ስላለ መሬቱን ይዞ ቁጭ አለ። አያ ጓዴ በበትራቸው አራቱን ማዕዘን መታ መታ አድርገው «ይህ ይሆናል» አሉ። ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ፣ በውበቱ ትከሻ ተደግፈው ሳጥኑ ላይ ቆሙ። ሊቀመጡ ሲሉ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አስቻለው የት አለ?»

«እዚህ ነኝ አያ ጓዴ።»

«ምን ታደርጋለህ እዚህ? ወዲያ ማዶ ሂድና ያዝ።»

እኛ ከተሜዎች አናውቀውም እንጂ እዚህ አገር አማት በቅሎ ሲወጣ የልጁ ባል በወዲያኛው ጎን እርካቡን ተጭኖ ይይዛል፤ ኮርቻው እንዳይዞር። ይህቺ መኪና አትዞርም ልል አፌን ከፈትሁ። ውበቱ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ዞሬ ሄድሁ፣ በወዲያኛው በር መስኮት ላይ በሁለት እጄ ተንጠለጠልሁ።

«ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

ተቀመጡ፣ እግራቸውን ተራ በተራ አስገቡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። መንደሩ እልል አለ። እኔ መኪናዋ እንዳትወድቅ ይዤ ቀረሁ።

ውበቱ ከመንደሩ ቀርቶ ሁለታችን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱን በመቀመጫቸው ያነቡት ነበር። እዚህ ጋ ወንዝ አለ፣ እዚህ ጋ ባሕር ዛፉ ነው፣ አሁን ወለቃ ደረስን እያሉ አንዴ እንኳ አልተሳሳቱም። ጾም ስለነበር አምባ ጊዮርጊስ ላይ በገብስ እንጀራ ሽሮ በላን። ከማደሪያው ስንደርስ ባለቤቷ ድንጋያቸውን ይዘው ወጡ፤ አያ ጓዴን ሲያዩ የምድር ቤቱን የራሳቸውን ክፍል ለቀቁልን። ሳጥኑን አወረድሁ። አያ ጓዴ ለመውረድ ትከሻዬን ፈለጉ። እጃቸው መጀመሪያ ከራሴ በላይ ያለውን ባዶ አየር ያዘ፣ እዚያ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ትከሻዬን አገኘው።

ሐሙስ

የሕክምና ቤቱ በር ላይ ጥበቃው «ሳጥኑ ውስጥ ምንድነው?» ሲል አያ ጓዴ «መወጣጫዬ ነው» ብለው አለፉ። እኔን ሲወርዱም ማዶ ሄደህ ያዝ አሉኝ፤ የጎንደር ሕዝብ እያየኝ ይዣለሁ።

መጀመሪያ የቀኙን ዓይን ነው የሚሠሩት። ሲያስገቧቸው በትራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ግቢው ውስጥ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ትግስት በየጥቂቱ ትደውላለች፤ አይዞሽ እላታለሁ፤ ለእኔ አይዞህ የሚለኝ አጥቼ በትሩን አጥብቄ ያዝሁ። እኒህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ሲወጡ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። «አመመዎት?» አልሁ።

«ከማኪናህ ይሻላል» አሉ።

ዓርብ

ጠዋት ነርሷ ጨርቁን አነሣችው። ግቢው ውስጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ባለው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አያ ጓዴ ዓይናቸውን ከፈቱ፣ ጨፈኑ፣ እንደገና ከፈቱ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ሰማዩን አዩ፤ «ተመስገን» አሉ ቀስ ብለው። እኔ አልቻልሁም፣ ፊቴን አዞርሁ።

ስልኬን አውጥቼ የልጅቱን ፎቶ ልሰጣቸው ስል እጄን መለሱት። «ልጄንማ በዚህ አላያትም፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ነው የማያት። ይቺ ናት ማኪናዋ?»

«ናት።»

ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አዩዋት። «ቁመቷ ደህና ነው። ምንም አልጎደላት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሠርጌ ላይ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ እኔም ያን ቀን ተረከዙ ወፍራም ጫማ አድርጌ ነበር። አሁን ከእግሬ ጀመሩ፣ ወደ ላይ ወጡ፣ ቶሎ ጨረሱ።

«አስቻለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አያ ጓዴ።»

«ትከሻህን ስፈልግ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ዓይናቸው ወደ ሳጥኑ ሄደ፣ ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። ሁሉን ሲያገጣጥሙት ፊታቸው ላይ አየሁት፤ የምደበቅበት አልነበረኝም። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

አልሳቁብኝም። በበትራቸው ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ና ውጣበት» አሉኝ።

«ምን ያደርግልኛል አያ ጓዴ?»

«ውጣ። ስወጣ ማዶ ቆመህ የያዝኸኝን ሰው በደንብ ልየው።»

ወጣሁ። ነርሷ እያየች፣ ጥበቃው እያየ፣ የሕመምተኛው ቤተሰብ ሁሉ እያየ ሳጥኑ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። አያ ጓዴ በአዲሱ ዓይናቸው ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አሁን ሸጋ» አሉ። «ውረድና ወደ ልጄ ውሰደኝ።»

ስልኬ የጮኸው ገና ሳልወርድ ነው። ጋሽ ሙላው ናቸው። «እንግዲህ ተመለስህ አሉ፤ ሳጥኑን አምጣውና ልግጠምልህ ወይስ እንዴት ነው?»

ወደ አያ ጓዴ አየሁ፤ በሩን በራሳቸው ከፍተው፣ በትራቸውን አስገብተው፣ ሳጥኑን ይጠብቃሉ።

«አይ ጋሽ ሙላው፣ ሳጥኑ ሥራ ላይ ነው» አልሁና ወርጄ በራቸው ሥር አስቀመጥሁላቸው፤ ከዚያም ሳይነግሩኝ ዞሬ በማዶ በኩል ያዝሁ።